ስርዝ ድልዝ የሌለበት ፎርም

እንጀራዬ ፎርም ነው። አምቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ከተቀመጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። የተማሪ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ጾታ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ይህን የምለው ሌላ የምኮራበት ነገር ስለሌለኝ ነው። ድሮ አለቃዬ የነበሩት ሰውዬ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የእኔን መዝገብ ገልጠው፣ “እንደዚህ ነው የሚጻፈው፤ አያችሁ፣ ስርዝ ድልዝ የለውም” ይሉ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ያልሰማሁ እመስላለሁ እንጂ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።

የምጽፈው ስለ ልጄ ነው። “እሱ” እያልኩ ነው የምጽፈው። ሲወለድ አዋላጇ “ሴት ናት” ብላ አስታቀፈችኝ፤ እኔም እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ድረስ “አንቺ” ስለው ኖርኩ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን፣ ፊት ለፊት ከተባለው “አንቺ” በቀር፣ ወደ ኋላ ተመልሼ አስተካክዬዋለሁ፤ ማስተካከል የቻልኩት እዚህ ብቻ ነው። ልጄ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ስለ ራሱ ሲነግረኝ እንዳምነው። ያንን ሳላደርግለት ቀረሁ። ክፉ እናት ሆኜ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። እየወደድኩት ነው ያላመንኩት።

እስከ አራት ዓመቱ አልተናገረም። የሰው ዓይን ውስጥ አያይም፣ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፣ ደስ ሲለው ግን አፉን ገጥሞ እንደ ንብ እም... ይላል። ያ ድምፅ ከኩሽና ሲሰማኝ ቤቱ ሰላም መሆኑን አውቃለሁ። መናገር ሲጀምር ደግሞ እንደ ሌላ ልጅ በኮልታፋ ቃል አልጀመረም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ የሚኒባሶቹን ታርጋ በቃሉ ይዞ፣ ማታ የትኛው ወደ ጌዶ እንደሄደና የትኛው እንዳልተመለሰ ይነግረናል። ከታርጋው በኋላ የጠርሙስ ቆርኪ መጣ። አልጋው ሥር በቀለም በቀለሙ ተደርድሮ፣ አንዷን ያንቀሳቀሰ ሰው ወዮለት።

ችግሩ ጭንቅላቱ ላይ ነበር፤ ጸጉሩን ማለቴ ነው። ጎረቤታችን ሹሩባ ልትሠራው በተቀመጠች ቁጥር የሚጮኸው ጩኸት እስከ ዋናው አስፋልት ይሰማል። ሰው ማውራት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችን ወሰድኩት። ሽማግሌዎቹ ከበው እጃቸውን ጫኑበትና መጸለይ ጀመሩ፤ እሱም ጮኸ። “ጋኔኑ ነው የሚጮኸው” አሉኝ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቤት ስንገባ ልጄ ጫማውን አውልቆ በቦታው ካስቀመጠ በኋላ፣ “ጋኔን አይደለም። እኔ ነኝ የጮህኩት። እጃቸው ከባድ ነው” አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነበር። ያን ጊዜ ባምነው ኖሮ ሌላውም ይለመድ ነበር ይሆናል።

ስምንት ዓመቱ ላይ አዲስ አበባ አንዲት ዶክተር ዘንድ አደረስኩት። “ኦቲዝም ነው” አለችኝ። እናት እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ታለቅሳለች ይባላል። እኔ ግን ዶክተሯን ልስማት ምንም አልቀረኝም። ጋኔን አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የእኔም ጥፋት አይደለም፤ ስም አለው። እኔ ደግሞ ስም ያለው ነገር በመዝገብ ማስገባት የማውቅበት ሰው ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ለአስተማሪዎቹ፣ ካቺሲ በግብርና ሥራ ተመድቦ በወር ሁለቴ ለሚመጣው ባለቤቴ፣ ለሁሉም አስረዳሁ። ጸጉሩን ባለቤቴ ወንዶች ጸጉር ቤት ወስዶ ሲያስቆርጠው፣ “ራሱ ሲነካ ያመዋል፣ ኦቲዝም ነው” አልኩ። ሱሪ እንጂ ቀሚስ አልለብስ ሲል፣ “ዳንቴሉ ይቆረቁረዋል፣ ኦቲዝም ነው” አልኩ። ውሸት አልነበረም። ጸጉሩ በእርግጥ ያመው ነበር፤ ዳንቴሉም በእርግጥ ይቆረቁረው ነበር።

ዘጠኝ ዓመቱ ላይ፣ አንድ እሑድ ሱሪ ለብሶ ተቀምጦ ሳለ “ይቆረቁረኛል” አለኝ።

“ምኑ? ሱሪ ነው እኮ የለበስሽው” አልኩት።

“ሱሪውም እያለ ይቆረቁረኛል። ሴት ስትሉኝ ነው የሚቆረቁረኝ። ወንድ ነኝ።”

ሳቅኩ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግን ሳቅኩ። ከዚያ ለዶክተሯ የማሳያትን ደብተር አወጣሁና ከታርጋውና ከቆርኪው ሥር፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ፣ “ሦስተኛ፦ ወንድ ነኝ ማለት” ብዬ ጻፍኩት። እንደነዚህ ያሉ ልጆች አንድ ነገር ላይ ይጣበቃሉ ተብያለሁ። ታርጋው አልፏል፣ ቆርኪውም እያለፈ ነው፤ ይሄም ያልፋል አልኩ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ።

ዶክተሯ ደብተሩን አነበበችና ልጄን ለብቻው አነጋገረችው። ከዚያ እኔን ጠርታ በሩን ዘጋች። “ኦቲዝም አለ ማለት ስለ ራስ የሚነገር ነገር ሁሉ የኦቲዝም ወሬ ነው ማለት አይደለም” አለችኝ። “ሁለቱም አብረው የሚገኙባቸው ልጆች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ውሸት አያደርገውም። ውጭ መናገሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም የምኖረው እዚሁ አገር ነው። ግን ቤት ውስጥ ይስሙ። ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም፤ ይስሙ ብቻ።”

ደሜ ፈላ። ከጋኔን ያወጣችኝ ሴት መልሳ ሌላ ነገር ውስጥ የከተተችኝ መሰለኝ። ወደ አምቦ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እሱ በመስኮት የሚያልፉትን ታርጋዎች እየቆጠረ፣ እኔ በልቤ ከዶክተሯ ጋር እየተሟገትኩ ገባን። ከዚያ በኋላ ወደ እሷ አልወሰድኩትም። ለባለቤቴ፣ “መንገዱ ረጅም ነው፣ ልጁን ያደክመዋል” አልኩት። ለራሴም ያንኑ አልኩ።

አንድ ምክሯን ግን ይዤ ነበር። ቀደም ብላ፣ “ደንብ በግልጽ ይጻፍ፤ ግልጽ ደንብ እፎይታ ይሰጣል” ብላኝ ስለነበር በትልቅ ነጭ ካርቶን ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከበላን በኋላ እጅ ይታጠባል። ሰው ሲያለቅስ “ምን ሆንክ” ይባላል። የመጨረሻውን ደንብ ራሱ ነው ያስጨመረኝ። የሚማረው እኔው ትምህርት ቤት ስለነበር ከክፍል መልስ መዝገብ ቤት መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ የተበላሹ ፎርሞች እየሞላ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን ከገጠር አንድ አባት መጡ። “አዴ፣ ለልጄ ሁለት ዓመት ብቻ ቀንሺለት፣ ዕድሜው ገፋ ብለው እንዳይመልሱብኝ” አሉኝ። እኔም ልጄ እንደሚያየኝ ስለማውቅ ጀርባዬን አቃንቼ፣ “ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፎርም ላይ እውነት ብቻ ነው የሚጻፈው፣ በእኔ እጅ ውሸት አይገባም” አልኳቸው። ሰውዬው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ማታ ልጄ ካርቶኑ ሥር ቆሞ፣ “ጻፊው” አለኝ። ጻፍኩት። “ፎርም ላይ እውነት ብቻ ይጻፋል። ስርዝ ድልዝ አይደረግም። ትርፍ ፎርም ይያዛል።”

አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ሰውነቱ ከዳው። ደም ሲያይ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ግማሽ ቀን ቆየ። በበሩ ቀዳዳ ሳናግረው፣ “ስህተት ገብቷል። ማን ነው የሚያስተካክለው?” አለኝ። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ሌላ ቋንቋ አላስተማርኩትማ። “ስህተት አይደለም የኔ ልጅ፣ ትለምጅዋለሽ” አልኩት። አልለመደውም። ዝም አለ እንጂ አልለመደውም፤ እኔ ዝምታውን እንደ መልመድ ቆጠርኩት። ያ እንደ ንብ የሚለው ድምፅም የቀረው ያን ጊዜ ነው። መቅረቱን እንኳ ልብ አላልኩም።

ኮሮና አልፎ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ መጣ። ፎርሙን ልጄ ራሱ ሞላው። በማግሥቱ ከሌሎቹ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ደርሶ አገኘሁት። እንዴት ያለ ፎርም ነበር መሰላችሁ፤ እኔ የሞላሁት ነው የሚመስለው። ፎቶው ቀጥ ብሎ ተለጥፏል፣ ቁጥሮቹ ከመስመር አልወጡም። ጾታ የሚለው ላይ ደግሞ የወንዱ ሳጥን ውስጥ፣ በጥንቃቄ፣ ምልክት አድርጓል።

ልጄን ጠርቼ ላነጋግረው እችል ነበር። ቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ ግን መሳቢያዬን ከፈትኩ። ትርፍ ፎርም መቼም አይጠፋኝም። ትርፍ ፎቶውም ነበረኝ። የሱን ፎርም አራት ቦታ ቀደድኩና አዲስ ሞላሁ፤ ሁሉንም እሱ እንደጻፈው ገልብጬ፣ አንዱን ሳጥን ብቻ ለውጬ። ሳደርገው እጄ አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን የምጽፍ መስሎኝ ነበር። “ሕፃን ነው፣ ተጣብቆበት ነው፣ ነገ ሲያልፍለት ያመሰግነኛል” አልኩ። ስጨርስ ጽሑፌን ከሩቅ አየሁት፤ አምሮ ነበር።

ፈተናው የተሰጠው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። የመግቢያ ካርዱን እዚያው በር ላይ አደሉት። የተፈጠረውን የነገረኝ ፈታኙ ነው፤ ልጄ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ “ይሄ የእኔ አይደለም፣ ስህተት አለበት” ብሎ መለሰለት። ፈታኙ፣ “ስምሽ አይደለም? ፎቶሽ አይደለም? ግቢ እንጂ” ቢለው፣ “ውሸት ባለበት ወረቀት አልገባም” ብሎ ሄደ። ሌሎቹ ሲፈተኑ እሱ በእግሩ ቤት ገባ።

ተጠርቼ ሮጬ ቤት ስደርስ ጫማው በቦታው ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ካለው ካርቶን የመጨረሻው ደንብ የለም። ስርዝ ስለማይወድ አልሰረዘውም፤ በማስመሪያ አስምሮ፣ በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆርጦታል። ቁራጩን ምሳ ሰሃኔ አጠገብ አስቀምጦልኛል።

“ይሄ ደንብ አይሠራም” አለኝ። “ሞክሬው ነበር።”

“ለአንቺ ብዬ ነው እኮ” አልኩት። “ሌላ ነገር ብትጽፊ አይቀበሉሽም፣ ይስቁብሻል።”

“ፎርሜ የት አለ?”

“ቀደድኩት።”

አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን በጠቀመኝ። ቁራጩን አየና፣ “ለሰውዬው ልጅ ሁለት ዓመት አልቀነስሽለትም ነበር” አለኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አላናገረኝም። ኩርፊያ አልነበረም፤ ኩርፊያ ቢሆን ማባበያው አይጠፋኝም ነበር። ከእኔ ጋር የሚያወራበት ቃል አልቆበት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ አልተፈተነም፤ በሚቀጥለውም ዓመት እምቢ አለ። ጽሑፉ ከእኔ የሚያምር ልጅ ትምህርቱ ስምንተኛ ላይ ቆመ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ማንም እንዳያጽናናኝ።

ጌዶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጎሚስታ ነው፤ በነቀምት መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ለጉዳይ አምቦ መጥቶ የቤታችንን ዝምታ ሁለት ቀን አየና፣ “ከእኔ ጋር ይሁን እስቲ” አለ። ወንድሜ አፉ የማያርፍ፣ በቀልዱ ሰው የሚያስቀይም ሰው ስለሆነ ፈራሁ። ልጄ ግን ቆርኪዎቹን በካርቶን አሽጎ ተከተለው።

ወንድሜ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ስለ ሥራ ብቻ ነው የሚያወራኝ። “ልጅሽ ዛሬ ስድስት የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን አወረደ። ሆጂሳ ኒ ቤካ፣ ሥራውን ያውቃል” ይለኛል። አንዴ ጨክኜ፣ “ሰው ምን ይላል? ምንድን ነው ይሉታል?” ብዬ ጠየቅኩት። “ሾፌሩ የሚጠይቀኝ ጎማው መቼ እንደሚደርስለት ነው” አለኝ። “እኔም ልጁ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ አለቀ። አንቺ ግን አሥራ ምናምን ዓመት ምን ስትጠይቂው ነበር?”

ስልኩን ዘጋሁበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለእኔ ነው፤ ወንድሜ በአንድ ጥያቄ የደረሰበትን እኔ በደብተር ሞልቼ አልደረስኩበትም።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ጌዶ ሄድኩ። ከሚኒባስ ስወርድ እሱ አላየኝም። ቱታ ለብሶ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ አንድ ትልቅ ጎማ ላይ አጎንብሷል። አንድ ሾፌር፣ “ጉርባ፣ ሲመሽ ነው የምትጨርሰው?” እያለ ይቀልድበታል። ጉርባ በኦሮምኛ ልጅ፣ ወንድ ልጅ ማለት ነው። ልጄ ቀና ሳይል፣ “አስራ አምስት ደቂቃ” አለው። ከዚያ ድምፁ መጣ። አፉን ገጥሞ፣ እም...። ከአራት ዓመት በላይ አልሰማሁትም ነበር። መንገድ ተሻግሬ መሄድ አቃተኝና እዚያው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ዶክተሯ ነግራኝ ያላመንኩትን፣ ልጄ ራሱ ነግሮኝ ያላመንኩትን፣ ጎማ ሲጠግን ሰምቼ አመንኩ።

ስጠጋው፣ “ደህና ነህ?” አልኩት። እንደዚያ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። እጄን አየ፤ ፊት አያይም፣ ሰውን የሚያየው እጁን ነው።

“አሁን ትክክል አልሽ” አለኝ፤ ወደ ጎማው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያወራኛል። ስለ ታርጋ፣ ስለ ጎማ። ስለ ፎርሙ አንስተን አናውቅም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። በደፈናው ይቅርታ ጠይቄው፣ “እሺ” ብሎኛል፤ እሺ ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ፣ ኬላ ላይ፣ ከሚኒባስ አወረዱት። መታወቂያ የለውም። ወንድሜ እስኪደርስለት ድረስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ከዚያ በኋላ የግድ ሆነ። ዕድሜው ሞልቷል፤ መዝገቡ ያለው አምቦ ስለሆነ ለቀበሌ መታወቂያ ፎርም ወስዶ ወደ ቤት መጣ። ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሞላው። እኔ እቃ የማጥብ መስዬ ጽሑፉን ከኋላው አያለሁ፤ አሁንም ያምራል። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዞረው።

“ይቺን አንቺ ሙዪያት” አለኝ።

አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ቀርቷል፤ ጾታ የሚለው።

“ለምን እኔ? አንተ አትሞላውም?” አልኩት።

“እዚያ የሚፈልጉት ውሸት ነው። እኔ ውሸት አልጽፍም። አንቺ ትችያለሽ።”

ሊያቆስለኝ አልነበረም። ልጄ ሰው ማቁሰል አይችልበትም። እንደ ሌላው ችሎታዬ ቆጥሮት ነው፤ እማዬ ወጥ ትችላለች፣ እማዬ ጽሑፍ ትችላለች እንደማለት። “ባዶ ቢቀርስ?” አልኩት። “ባዶ ያለው ፎርም ተቀባይነት የለውም፣ አንቺ ነሽ ያልሽኝ” አለኝ። እውነቱን ነው። በወንዱ ላይ ምልክት ባደርግስ? ቀበሌው ከትምህርት ማስረጃው ጋር ያስተያየዋል፤ ማስረጃው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። አንድም ስርዝ ድልዝ የለውም። መታወቂያ ከሌለው ደግሞ መንገድ አለ፣ ኬላ አለ፣ ፀሐይ አለ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ያን ጊዜ የሴቱን ሳጥን እውነት መስሎኝ በጤናማ እጅ ሞልቼዋለሁ። አሁን እያወቅኩ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠና ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚቀጥለው መስመር ላይ ደረሰ። ፎርሙ ተበላሸ። እፎይ አልኩ፤ ዛሬ እንኳ ቢቀር፣ ነገ ይሁን ብዬ።

ልጄ ቦርሳውን ከፈተ። ሁለተኛ ፎርም አወጣ፤ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል፣ ያቺው አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ናት። ትርፍ እንዲይዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊቴ አስተካክሎ አስቀመጠውና ጥግ ጥጉን በሁለት ጣቱ ያዘልኝ፣ እንዳይንሸራተት።

ሞላሁት። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው።

“ጥሩ ነው” አለኝ። “ስርዝ ድልዝ የለውም።”